የተቀበረው በሬ

የታመመ ሰው ወደ ሐኪም ሲቀርብ በዚህ ወጋኝ፥ በዚህ ቈረጠመኝ ብሎ ሕመሙን በአፉ ይናገራል። ከብት ግን አንደበት የለውምና ሕመሙን የሚናገርለት ባለቤቱ ነው። ስለዚህ የከብት ሐኪም ሁልጊዜ ሁለት ሕመምተኞች አሉት፤ አንደኛው በአራት እግሩ ቆሞ ዝም ይላል፤ ሁለተኛው አጠገቡ ቆሞ ይጨነቃል። ይህን ነገር ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በ2000 ዓ.ም. በትንሣኤ ዋዜማ፥ በመራዊ አካባቢ ባለ አንድ መንደር፥ ከአንድ በሬ ሬሳ አጠገብ ቆሜ ተማርሁት እንጂ። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ለአንባቢ እተርካለሁ።

የተወለድሁት በምዕራብ ጎጃም፥ በሜጫ ወረዳ፥ ከገበሬ ቤት ነው። አባቴ ዳጉሳ፥ በቆሎና ጤፍ የሚያርስ፥ ባለ አንድ ጥማድ ሰው ነበር። በእኛ አገር የሰው ኑሮ በብር አይመዘንም፤ «ስንት በሬ አለው?» ተብሎ ይጠየቃል እንጂ። ባለ ሁለት በሬው በጊዜው ያርሳል፥ በጊዜውም ይዘራል። አንድ በሬ ብቻ ያለው እንደ እርሱ አንድ በሬ ያለውን ጎረቤት ፈልጎ መቀናጆ ይገባል፤ ይኸውም ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር ጠምዶ በተራ ማረስ ነው። ምንም የሌለው ግን መሬቱን ለባለ በሬ ይሰጥና በመከር ጊዜ ተካፋይ ሆኖ ይቀመጣል። እንግዲህ በሬ የሞተበት ሰው የጠፋበት አንድ እንስሳ ብቻ አይደለም፤ የመጪው ዓመት እንጀራው ነው።

አያቴ ከአባታቸው የሰሙትን የክፉ ቀን ወሬ ያወሩልን ነበር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች የገባው በሽታ አገሩን ሁሉ አዳረሰ፤ ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ የሚያርስ ጠፋ፤ መሬት ጦም አደረ፤ ሰውም በረኀብና በወረርሽኝ አለቀ። ዐፄ ምኒልክም ሕዝቡን ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩ ይነገራል። የዚያ በሽታ ስሙ «ደስታ» ነው። ይህን የመሰለ መዓት ስለ ምን ደስታ እንደ ተባለ አያቴን ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ክፉን በክፉ ስሙ ከጠሩት አቤት ብሎ ይመጣል» አሉኝ።

በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ መንግሥት ወደ 25 የሚደርሱ የግብርና ኮሌጆችን ከፍቶ አሥረኛ ክፍል የጨረሱትን ወጣቶች ለሦስት ዓመት ማስተማር ጀምሮ ነበር። እኔ የተመኘሁት የሰው ሐኪም መሆንን ነበር። ነገር ግን የፈተና ውጤቴ ለዚያ የሚያበቃ ስላልሆነ ለእንስሳት ጤና ትምህርት ተመደብሁ። ወሬው በመንደር ሲሰማ ጓደኞቼ «የበሬ ሐኪም» እያሉ ሳቁብኝ፤ እኔም አፈርሁ። አባቴ ግን አልሳቀም። «የበሬ ሐኪም ማለት የጎተራ ሐኪም ማለት ነው» አለና ለመንገዴ ስንቅ አሰናዳልኝ።

በኮሌጁ የተማርሁት ብዙ ነው። በሬ በላይኛው መንጋጋው ላይ የፊት ጥርስ እንደሌለው ሳላውቅ ዐሥራ ሰባት ዓመት ከበሬ ጋር ኖሬአለሁ! ከታች ስምንት የፊት ጥርሶች እንዳሉትና ዕድሜው በእነርሱ አበቃቀል እንደሚታወቅ፥ የጤነኛ በሬ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ከግማሽ እንደ ሆነ፥ የደም ሥሩ ምት ከጅራቱ ሥር እንደሚዳሰስ፥ ሆዱም አራት ክፍል እንዳለው ተማርሁ። በግራ ጎኑ ላይ ጭብጤን አስደግፌ የሆዱን መላወስ መቍጠርን፥ ጕልበተኛውን ኮርማ በአንድ ገመድ ጠልፎ ያለ ጕዳት መጣልን ለመድሁ። ከእነዚህም ብዙውን ገበሬው በሌላ ቃል ያውቀው ነበር። መምህራችን የማመስኳትን ነገር አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስተምረን፥ አባቴ ሁልጊዜ ማታ ማታ ወደ ጋጣው ገብቶ በጨለማ ጆሮውን የሚያዘነብለው ለምን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ካመስኳ ደኅና ነው፤ ዝም ካለ ግን ታሟል።

ከተማርናቸው በሽታዎች ሁሉ በልቤ የቀረው ሕዝቡ እንደ ባለ ማዕረግ «አባ» ብሎ የሚጠራው አባ ሰንጋ ነው። ይህ በሽታ የሚመጣው ከአፈር ነው። ዘሩ በዐይን የማይታይ ሲሆን በመሬት ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቈያል። በበጋ መጨረሻ ሣሩ ሲያልቅ ከብቱ እስከ ሥሩ ድረስ ይግጣል፤ ከአፈሩም ጋር ዘሩን ይውጣል። ጧት ደኅና ሆኖ የተሰማራው በሬ በቀትር ይወድቃል፤ ደሙም እንደ ቅጥራን ይጠቍራል፥ አይረጋምም። ሰውም ሥጋውን ቢበላ፥ ወይም ሲገፍ እጁ የተላጠ ቢሆን ይይዘዋል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1876 ሮበርት ኮኽ የተባለው ጀርመናዊ የበሽታውን ሕይወት አጥንቶ ገለጠ፤ በ1881 ደግሞ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በሕዝብ ፊት በጎችን ከትቦ የተከተቡት ሲድኑ ያልተከተቡት እንደሚሞቱ አሳየ። መምህራችንም ይህን ነግሮን ሲያበቃ፥ «በአባ ሰንጋ የተጠረጠረን ከብት አትክፈቱ፤ ከነቆዳው በጥልቅ ጕድጓድ ቅበሩት» አለን። እኛም በደብተራችን ጻፍነው። ለመጻፍ እጅግ ቀላል ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ለተግባር ልምምድ ወደ አገሬ ተመለስሁ። ገበሬዎች መርፌ የያዘውን ሁሉ «ዶክተር» ይላሉና እኔንም እንዲሁ ጠሩኝ፤ እኔም ገና ተማሪ ነኝ ብዬ ማረም ሲገባኝ ስሙ ጣፈጠኝና ዝም አልሁ።

ሚያዝያ 18 ቀን፥ ቀዳም ሥዑር ዕለት፥ ለበዓል ከአባቴ ቤት ሳለሁ፥ ከወንዝ ማዶ ካለው መንደር አንድ ልጅ እየሮጠ መጣ። «ዶክተር፥ ቦራ ወደቀ!» አለኝ። ስደርስ በሬው ታርዶ ነበር። በቀትር ሲግጥ ድንገት ተንቀጥቅጦ ወደቀ፤ ከአፍንጫውም ደም ወጣ። በክት እንዳይሆን የባለቤቱ ወንድም ሮጦ ነፍሱ ሳትወጣ ዐረደው፤ ከኋላ እግሩም መግፈፍ ጀምሮ ነበር። ጎረቤቶችም ቢላዋና ገበታ ይዘው ተሰብስበዋል። አሳባቸው መልካም ነበር፤ ሥጋውን በቅርጫ ተካፍለው፥ ዋጋውን አዋጥተው፥ ለባለ በሬው የሌላ በሬ መግዣ ሊያደርጉለት ነው። ደግሞም ሃምሳ አምስት ቀን ጾመው ሌሊቱን ሊፈስኩ ነበር፤ ልጆቹም ከሥጋው ዐይናቸውን አላነሡም።

ደሙን አየሁት። ከታረደ ቈይቶ ሳለ በሣሩ ላይ ጠቍሮ፥ ሳይረጋ ፈስሶአል። የደብተሬም ቃል ትዝ አለኝ፤ አፌም ደረቀ። «ወገኖቼ፥ ይህ አባ ሰንጋ ይመስለኛል፤ አይበላም። ሆዱም አይከፈት፤ ቆዳውም አይውጣ፤ ይቀበር» አልሁ።

ዝምታ ሆነ። ከዚያም አንድ ሽማግሌ፥ «እኛ ስንቱን በልተን ኖረናል» አሉ። ሌላውም፥ «ታርዶአል፥ ተባርኮአል፤ በክት አይደለም» አለ። ባለ በሬው ግን ምንም አልተናገረም። እርሱ አባቴን የሚያህል ሰው ነው። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ቀረበና፥ «ልጄ፥ እርግጠኛ ነህን?» አለኝ። «ዶክተር» ማለቱን እንደ ተወ ልብ አልሁ።

እርግጠኛ አልነበርሁም። ከዚያ በፊት አባ ሰንጋ በዐይኔ አይቼ አላውቅም። እርግጠኛ ነኝ ብዬ ብናገር ውሸት ነው፤ አይደለሁም ብዬ ዝም ብል ቢላዋው ሊቀጥል ነው። ስለዚህ፥ «አያ፥ እርግጠኛ አይደለሁም። ነገር ግን እኔ ብሳሳት የሚጠፋው ሥጋ ነው፤ እናንተ ብትሳሳቱ የሚጠፋው ሰው ነው» አልሁት። ሰዎቹ ቃሌን አደነቁ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ባስታወስሁት ጊዜ ያሳፍረኛል፤ «የሚጠፋው ሥጋ ነው» ያልሁት ሥጋው የእኔ ስላልሆነ ነውና።

ባለ በሬው ጥቂት አሰበና ቢላዋውን ከወንድሙ እጅ ተቀበለ። «ቈፍሩ» አለ። ከሰው ቁመት የማያንስ ጕድጓድ ቈፈርን፤ እኔም ከሁሉ ጋር ዶማ ያዝሁ። ከጆሮው ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም በመስተዋት ላይ ወስጄ ካስቀመጥሁ በኋላ ቦራን ከነቆዳው አወረድነው፤ ደም የነካውን ሣር አቃጠልን፥ በላዩም እሾህ ከመርን። እጃችንን በሳሙና ደጋግመን ታጠብን። የቤቱ እመቤት እንደ ሰው ቀብር አለቀሰች። የቀረው በሬ ዳለቻም በጋጣው ሆኖ እስኪመሽ ድረስ ይጮኽ ነበር። በዚያ ሌሊት ጎረቤቶች ከየቤታቸው የበግ ሥጋ ስለ ላኩ በዚያ ቤት ልጆች ያለ ፍስክ አላደሩም።

ከበዓሉ በኋላ መስተዋቱን ባሕር ዳር ወዳለው የእንስሳት ጤና ምርመራ ቤት ላክሁ። የመጣልኝ መልስ «ደሙ ወፍሮ ስለ ተቀባ መለየት አልተቻለም» የሚል ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበርና ቀጭን አድርጌ አልቀባሁትም። ያን ወረቀት ይዤ ብዙ ቀን ሳልተኛ አደርሁ። የሰው በሬ አስቀብሬ ማስረጃ የሌለኝ ሰው ሆንሁ።

ማስረጃው ግን ወረቀት ሳይሆን ሰው ሆኖ ቀደሞኝ ነበር። ከፋሲካ በኋላ በአምስተኛው ቀን፥ የባሕር ዳሩ መልስ ገና ሳይደርስ፥ በሬውን ያረደው ወንድም አንጓው ላይ ቁስል ወጥቶበት ነበር፤ አያሳምምም፥ ዙሪያው ያበጠ፥ መካከሉ እንደ ከሰል የጠቈረ። እርሱም ስላላመመው ለማንም ሳይነግር ሰነበተ። ወንድሙ ባየው ጊዜ የእኔን ቃል አስታውሶ ወደ እኔ አመጣው፤ እኔም ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድሁት። የሰው ሐኪሙም አይቶ አባ ሰንጋ መሆኑን ነገረን፤ በፔኒሲሊን መርፌ ታከመና ዳነ፤ ጠባሳው ግን እስከ ዛሬ አለ። ከአንድ እግር መግፈፍ ይህ ከመጣ፥ ያን ሌሊት መንደሩ ሁሉ ሥጋውን በጥሬው ቢበላ ምን በሆነ ነበር! በ1956 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ከተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ የሚመጣው ክትባት ደርሶ የመንደሩን ከብት ሁሉ ስንከትብ፥ ቢላዋና ገበታ ይዘው የመጡት እነዚያው ሰዎች ገመድ ይዘው ረዱን።

እንግዲህ ቃሌ እውነት ሆነ። ነገር ግን የባለ በሬው ቀንበር በአንድ ወገን ባዶ ነበር፤ ግንቦትም ደርሶአል። ለአባቴ ይህን ሁሉ ብነግረው ጥቂት ዝም ብሎ፥ «በሬ አስቀብረህ ዝም ብለህ ወደ ትምህርትህ ልትመለስ ነውን?» አለኝ። በቤታችን ገና ያልተገራ አንድ ወይፈን ነበረ። በማግሥቱ አባቴ እየነዳ ወንዙን ተሻገረ፤ «እስከ መኸር ይቈይ» ብሎም ሰጠው። ዳለቻም የለመደ በሬ ስለ ሆነ ወይፈኑን በቀንበር ጎትቶ አስተማረው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ትልሙ ጠማማ ነበር፥ በኋላ ግን ቀና።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፎአል። ከመራዊ ዳር የቆጋ ግድብ ተሠርቶ ሜዳው በበጋ ይለመልማል። አያቴ የነገሩን ያ ደስታም በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1995 በአፋር ነው። በዚያ በረሓ ክትባቱን ተሸክመው ያዳረሱት አብዛኞቹ ጥቂት ሥልጠና የተሰጣቸው የአገሩ አርብቶ ዐዳሪዎች ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ይህ በሽታ ከምድር ሁሉ እንደ ጠፋ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እርሱ ነው። ባለ ብዙ ዕውቀት ሊቃውንት ክትባቱን አገኙ፤ ከከብቱ ጆሮ ያደረሱት ግን እንደ እኔ ያሉ ትንንሾች ናቸው። ይህንም ሳስብ «የበሬ ሐኪም» በመባሌ አላፍርም።

ይህን ሙያ ለመማር ለምትገባ ወጣት አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። መጽሐፉ እውነት ነውና እመነው፤ እውነቱንም ለገበሬው ሳትፈራ ንገረው። ዳሩ ግን አንተ የምትናገረውን ቃል ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው መሆኑን አትርሳ። «ይቀበር» ካልህ ዶማውን ያዝ፤ ከተቀበረም በኋላ በቀንበሩ ባዶ ወገን ማን እንደሚጠመድ ጠይቅ።