የወታደር ማደሪያ

ዛሬ «ከተማ» ስንል ገበያና መብራት ያለበት ቦታ ይታሰበናል፤ በጥንት ጊዜ ግን የጦር ሰፈር ማለት ነበር። «ሰፈር» የሚለውም ሠራዊት የሚሰፍርበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ ተሰማ ሰፈር የተባሉት መኳንንቱ ከነጭፍራቸው ስለ ሰፈሩባቸው ነው። ፊታውራሪ፥ ቀኛዝማች፥ ግራዝማች የሚባሉት ማዕረጎችም በሰልፍና በሰፈራ ጊዜ ማን በፊት፥ ማን በቀኝ፥ ማን በግራ እንደሚሆን የሚያመለክቱ ናቸው።

ስለ ድንኳኑ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የባላገሩ ቤት ነው። ዘመቻ በሌለ ጊዜ ጭፍራው በየገበሬው ቤት ይመራ ነበር። አያቴ በሰቆጣ ዙሪያ ስለ ነበረው ምሪት ከአያታቸው የሰሙትን ሲነግሩን፥ ወታደሩ መደቡን ይይዛል፥ ባለቤቶቹ ከጥጆቹ አጠገብ ይተኛሉ፥ ጎታው እስኪጎድል ድረስ እመቤቲቱ ስትፈጭለት ትከርማለች። እንግዳ እንዳይባል አይሰናበትም፤ ቤተ ሰብ እንዳይባል አያርስም!

አፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ገበሬው ከእህሉ ከ10 አንዱን አሥራት እንዲያገባ፥ ወታደሩም ከቤቱ እንዲወጣ አዘዙ። አሥራቱ ተከፈለ፤ ወታደሩ ግን ከሁሉም ቤት ወዲያው አልወጣም።

ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፥ ከ1933 ዓ. ም. ወዲህ፥ መደበኛው ጦር እየተደራጀ በየካምፑ ይኖር ጀመር። ይሁን እንጂ የራስ ቤት ማግኘት መልካም ኑሮ ማግኘት አይደለም። በጥር 1966 ዓ. ም. በነገሌ ቦረና የነበሩት ወታደሮች የውኃ መሳቢያቸው ቢበላሽ ከመኮንኖቹ ጕድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። እነርሱም ተነሥተው፥ ጉዳዩን ሊያይ ከአዲስ አበባ የተላከውን ጄኔራል አግተው የእነርሱን ምግብና ውኃ እንዲቀምስ አደረጉት። አድማው ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛመተ፤ በመስከረም 1967 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ዙፋኑን የጣለው አንድ ጕድጓድ ብቻ ነው አልልም፤ ድርቅም፥ የኑሮ ውድነትም፥ የመሬት ጥያቄም ነበር።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ. ም. በነበረው ጦርነት ደግሞ ምሪቱ ወደ ትምህርት ቤት ዞረ። በእኛ ክፍል ወታደሮች አድረውበታል፤ በጥቁር ሰሌዳው አጠገብ በከሰል የተጻፉ ስሞቻቸው ዛሬም ይነበባሉ። ዴስኮቹን አንድደው ሞቀዋል። የዋግን ደጋ የሌሊት ብርድ ስለማውቅ ሙቀት በመፈለጋቸው አልፈርድባቸውም፤ የምፈርደው ማደሪያ ሳያሰናዳ በላካቸው ላይ ነው። ዘንድሮ ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው 12 ዴስክ አሠርተውልናል። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ግን ገና በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ።