ልዩ ልዩ

ስለ ከተማ ምክር ቤት አውሩ ብንባል ብዙዎቻችን ዓይናችን የሚሄደው ወደ ላይ ነው፤ ከቸርችል ጎዳና አናት ላይ ወደተቀመጠው፣ ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዘዲሚ ነድፎት በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ወደተሠራው ማዘጋጃ ቤት። የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው። ሰኔ 2013 ዓ.ም. ሕዝቡ ረጅም ሰልፍ ተሰልፎ ድምፅ የሰጠው ለእርሱም ጭምር ነበር። በጀት ያጸድቃል፣ ሹመት ያጸድቃል፣ ሲያጸድቅም ቴሌቪዥን ያሳየዋል። እኛ ግን ዛሬ ልናወጋችሁ የፈለግነው ካሜራ ስለማይደርስበት ኮሚቴ ነው። የአዳራሹ ወንበር ግማሹ ተሰብሯል፣ ግድግዳው ላይ ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ እስካሁን ተሰቅሏል፣ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው እየጮኸ ተናጋሪን ያስቆማል።

እዚያ የሄድነው ሦስት ሆነን፣ ለአንድ ኮርስ ጥናት ብለን በክረምቱ ወራት ነው። የወረዳውን ስም አንጠራም። ስሙ ቢጠራም ነገሩ አይለወጥም፤ እዚያ ያየነውን እናንተም በየሰፈራችሁ ታውቁታላችሁ። «ወረዳ» የምንለውም ለወጉ ነው እንጂ እኛም፣ ነዋሪውም፣ የኮሚቴው አባላትም አፋችን የሚያመጣው «ቀበሌ» የሚለውን ነው። አዋጅ ቁጥር 361/1995 ከተማዋን በሦስት እርከን፣ በከተማ፣ በክፍለ ከተማና በቀበሌ አዋቀራት፤ በኋላ ደግሞ ቀበሌው ወረዳ ተባለ። በሰው አፍ ግን ቀበሌ እንደሆነ ቀረ። «ቀበሌ ልሄድ ነው» ያለ ሰው ፊቱን አይታችሁ ጉዳዩን ትገምታላችሁ።

በኋለኛው አግዳሚ ተቀምጠን አራት ስብሰባ ተከታትለናል። አጀንዳው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንደኛ፣ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ። ሁለተኛ፣ የዕቅድ ክንውን ሪፖርት ማዳመጥ። ሦስተኛና አራተኛ፣ ከበላይ የወረዱ ጉዳዮች። አምስተኛ፣ «ልዩ ልዩ»። ሪፖርቱ ብቻውን አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። የጽዳት ዘመቻው ከመቶ ይህን ያህል፣ የወጣቶች ንቅናቄ ከመቶ ያን ያህል እየተባለ ይነበባል። አንድ ወንድማችን በመሀል «ከመቶ 96 የተባለው የምን 96 ነው?» ብሎ በጆሯችን ጠየቀን፤ እኛም አላወቅንም፤ አንባቢውም የሚያውቅ አይመስልም ነበር።

ታዲያ ሰው ሁሉ የመጣው ለአምስተኛው ነው። በር ላይ ተደርድረው የቆሙት እናቶች፣ ፌስታል ውስጥ ወረቀት ጠቅልለው የያዙት ሽማግሌዎች፣ የሞተ ባል ስም ላይ ያለ ቤት ወደ ስማቸው እንዲዛወር የሚጠይቁት፣ የመንገድ መብራት የጠፋባቸው፣ የጎረቤት ውኃ በግድግዳቸው ሥር የሚያልፍባቸው ሁሉ «ልዩ ልዩ» ናቸው። ወደ እነርሱ ሲደረስ ግን ሰዓቱ አልቋል። ሰብሳቢው ሰዓቱን ያያል፣ ታክሲ የሚያመልጣቸው አባላት ቦርሳቸውን ያነሣሉ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሰባት ሰው ኑሮ ይታያል፤ ማለትም ይነበባል፣ ከዚያም «እንዲጣራ» ይባላል።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ቋንቋችን እናንሣ፤ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ነንና ይፈቀድልናል። የኮሚቴው ፀሐፊ ጎበዝ ልጅ ናት። የእጅ ጽሑፏ ያምራል፣ ሰው ሳይጨርስ እርሷ ጨርሳለች። መዝገቡን አስፈቅደን ስናገላብጥ ግን ከገጽ ገጽ የሚደጋገም ነገር አየን፦ «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ በሚመለከተው አካል እንዲታይ ተወስኗል።» እንዲታይ፣ እንዲጣራ፣ እንዲደረግ፣ እንዲፈጸም። አማርኛ ለዚህ የሚመች ቋንቋ ነው፤ አንዲት «ተ» ግሥ ላይ ከተለጠፈች ሠሪው ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ ይሄዳል። «ወሰንን» ብሎ የጻፈ ሰው ማን እንደወሰነ ሊጠየቅ ይችላል። «ተወስኗል» ካለ ግን ማን ይጠየቃል? ሰፊ ውይይቱም ሁልጊዜ ሰፊ ነው። በዓይናችን ያየነው አንዱ ሰፊ ውይይት አንድ አባል «ይሄ እንኳ ይቆይ» ሲሉ ሌላው ራሱን የነቀነቀበት ነበር።

ከ«ልዩ ልዩ»ዎቹ መካከል የአንዲት እናት ማመልከቻ ነበር። እማማ እንበላቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው እንደዚያ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ናቸው። ግቢው ውስጥ ዘጠኝ አባወራ የሚጠቀምበት የጋራ ሽንት ቤት አለ። ባለፈው ክረምት ነፋስ ጣሪያውን ገንጥሎ ወሰደው፣ አንዱ ጎን ያለው ጭቃም ተደረመሰ። ወጣቶቹ እንደምንም ይሆናሉ። እማማ ግን በጉልበት ሕመም ላይ፣ በሌሊት፣ ዣንጥላ ይዘው ጎረቤት ግቢ ድረስ ይሄዳሉ፤ የጎረቤት በር ከተዘጋ ደግሞ እስኪነጋ ይጠብቃሉ። ይህን ሲናገሩ አላፈሩም፤ ያፈርነው እኛ ነን፣ መሬት መሬት እያየን።

የጠየቁት ገንዘብ አይደለም። ልጃቸው ከዓረብ አገር ትንሽ ልካላቸዋለች። «ፈቃድ ብቻ ስጡኝ፣ በራሴ ቆርቆሮ ላልብሰው» ነው ያሉት።

ለመሆኑ የሽንት ቤት ጣሪያ ለማልበስ ለምን የኮሚቴ ውሳኔ ያስፈልጋል? ነገሩ ሥር አለው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ያኔ ለተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ኪራዩም ተቀነሰ። ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም፤ ከእኛም መካከል እዚያ ቤት ውስጥ ያደግን አለን። ዳሩ ግን ለአሥርተ ዓመታት በጥቂት ብር ኪራይ የቆየ ቤት ማደሻ ገንዘብ ከየት ያመጣል? ቀበሌው ገንዘብ የለውም፣ ተከራዩ ደግሞ የራሱ ስላልሆነ ያለ ፈቃድ ሚስማር መምታት አይችልም። በዚህ መሀል ጭቃው ይረግፋል፣ ጣሪያው ይዝጋል። ባለቤቱ መንግሥት፣ ተጠቃሚው ዘጠኝ አባወራ የሆነ ሽንት ቤት ነፋስ ሲወስደው የማን ጉዳይ እንደሆነ ለመለየት አንድ ክረምት አይበቃም።

ሌላም አለ። ሰፈሩ «በልማት ይነሣል» ተብሏል። መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ከስምንት ዓመት በፊትም ይባል ነበር አሉን። ሊነሣ ነው ለተባለ ሰፈር ፈቃድ መስጠት ደግሞ ያስፈራል። ፍርሃቱን እንደ ሰበብ ብቻ ልናየው አልቻልንም። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ሲጀመር ፒያሳ አካባቢ ስንት ዓመት ይነሣል ሲባል የኖረ ሰፈር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲነሣ ሁላችንም አይተናል። አንድ አባል «ነገ ለሚፈርስ ነገር የእናትየዋን ገንዘብ እናስጨርስ?» ብለው ሲጠይቁ ክፋት አልነበረበትም። እማማ ግን መልስ ነበራቸው፦ «ልጄ፣ እኔስ ነገ አይደለሁም የምፈርስ? እስከዚያ ልጠቀምበት እንጂ።»

ስለ ኮሚቴው አባላት ጥቂት እንበል፤ ተማሪ ቢሮክራሲን ሲሳደብ ሰዎቹን መርሳት ይወዳልና። ለስብሰባው ደመወዝ አይከፈላቸውም። አንዷ በማለዳ እንጀራ ጋግረው ለሱቆች አድርሰው ነው የሚመጡት፤ እጃቸው ላይ ሊጥ ደርቆ አይተናል። አንዱ ጡረተኛ ናቸው፣ አንዷ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነች፣ ሰብሳቢው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራው አስፈቅዶ ነው የሚወጣ። ሻይ እንኳ የለም። በሻይ ሰዓት ስናጫውተው ሰብሳቢው እውነቱን ነገረን (ሻዩን እኛ ጋብዘነው ነው)፦ «አየህ፣ ብከለክላቸው ማንም አይጠይቀኝም። ብፈቅድላቸውና ነገ አንዱ አጥር ገፍቶ ክፍል ቢጨምር፣ 'ማን ፈረመ?' ይባላል። ፊርማዬ እዚያ አለች።» ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። የመከልከል ፊርማ የለውም፤ የመፍቀድ ግን አለው። በክፋት የተባለ ነገር ስላልሆነ ነው መሰለን በጣም ያሳሰበን። በዶርም ኮሚቴም በካፌ ኮሚቴም ይኸው ነገር እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ወጡ ይቀየር ብሎ የሚፈርም ጠፍቶ ስንት ሴሚስተር ያው ወጥ ተበልቷል።

ወደ እማማ እንመለስ። በመጀመሪያው ስብሰባ ሰዓት አለቀ። በሁለተኛው ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም፤ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ነበር፣ ለቅሶ ደግሞ ከኮሚቴ ይበልጣል፣ እማማም ራሳቸው ለቅሶው ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ማመልከቻው ተነበበ፣ ሰፊ ውይይት ተደረገ፣ «በሚመለከተው አካል እንዲታይ» ተባለ። እማማ በር ላይ ቆመው «ምን ተባለ?» ብለው እኛን ጠየቁን። «ይታያል ተባለ» አልናቸው። «ማን ነው የሚያየው?» አሉ። የምንመልሰው አልነበረንም።

በአራተኛው ስብሰባ፣ ገና ቃለ ጉባኤው ለማጽደቅ ሲነበብ መምህርቷ እጇን አወጣች። እርማት ይኖራታል ብለን ጠበቅን።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ የሚመለከተው አካል የሚለው ማን ነው?» አለች።

ሰብሳቢው ወደ ፀሐፊዋ አየ። ፀሐፊዋ ወደ መዝገቡ አየች። ጡረተኛው «ግንባታ ፈቃድ መሆን አለበት» አሉ። የለም፣ ግንባታ ፈቃድ ለአዲስ ግንባታ ነው፣ ይሄ እድሳት ነው ተባለ። «ቤቶች ይሆናል።» ቤቶች ደግሞ ባለፈው ወር ስለ ሌላ ግቢ ተጠይቀው የኮሚቴውን ውሳኔ ጠብቁ ብለው በደብዳቤ መልሰዋል፤ ደብዳቤው ፋይሉ ውስጥ ነበር። ፀሐፊዋ አወጣችና አነበበችው። ዝናቡ መጥቶ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ሁለት ጊዜ ነው ያነበበችው።

«እንግዲያው እኛ ነን እኮ» አለች መምህርቷ።

ማንም አልሳቀም። እንጀራ የሚጋግሩት ሴትዮ ነጠላቸውን አስተካክለው «እንግዲህ እኛ ከሆንን ሪፖርቱ ይቆይና ይህን እንይ፤ ሴትዮዋ ዝናብ ላይ ቆመዋል» አሉ። የአጀንዳ ቅደም ተከተል ለመቀየር ድምፅ ያስፈልጋል ተባለና ድምፅ ተሰጠ። በአንድ ድምፀ ተአቅቦ አለፈ። አምስተኛው አንደኛ ሲሆን ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ፈቃዱ ይሰጥ አይሰጥ ላይ መሆኑ ቀረና በቆርቆሮው ብዛት ላይ ሆነ። አራት ነው ስድስት? ስድስት ከተፈቀደ ሁለቱ ኩሽና ላይ ይወጣል ያሉ ነበሩ። ጡረተኛው በወጣትነታቸው ግንበኛ ነበሩና ወረቀት ጠይቀው ሥዕል ሣሉ፤ አራት ይበቃል፣ ጎኑም በማገርና በጭቃ ይመለስ አሉ። ይህ ሁሉ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። እውነት ለመናገር በአራቱም ስብሰባ ሰዎች ስለሚያውቁት ነገር ሲከራከሩ የሰማነው በእነዚያ ሃያ አምስት ደቂቃዎች ነው። ስለ ከመቶ 96 ማንም አልተከራከረም፤ ስለ ቆርቆሮ ግን ሁሉም ያውቃል።

ፀሐፊዋ ልትጽፍ ስትል መምህርቷ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች። የተጻፈው ይህ ነው፤ አስፈቅደን ገልብጠነዋል፦ «ኮሚቴው አመልካቿ በራሳቸው ወጪ አራት ቆርቆሮ ተጠቅመው የጋራ መጸዳጃውን ጣሪያ እንዲያለብሱና የተደረመሰውን ጎን እንዲመልሱ ፈቅዷል። ደብዳቤውን የኮሚቴው ፀሐፊ እስከ ዓርብ ጽፋ ትሰጣቸዋለች።» ፈቅዷል ይላል እንጂ ተፈቅዷል አይልም። ሰብሳቢው አንዴ አነበበው፣ እንደገና አነበበው፣ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና ፈረመ።

ዓርብ ዕለት እማማ ደብዳቤውን ለመቀበል ሲመጡ እኛም ነበርን። ማንበብ ስለማይችሉ አነበብንላቸው። እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰምተው «ሚስማሩስ? ሚስማር አልተባለም እኮ» አሉ። ሰብሳቢው ሳቀና እስክሪብቶ ተቀብሎ ከ«አራት ቆርቆሮ» ቀጥሎ «ከነሚስማሩ» ብሎ ጨመረላቸው። መዝገብ ቤት ስንወስደው ግን በእስክሪብቶ የተጨመረበት ደብዳቤ ላይ ማኅተም አይመታም፣ እንደገና ይተየብ አሉን። የምትተይበዋ ልጅ ደግሞ ሰኞ ነው የምትገባው። እማማ ወረቀቱን ተቀብለው፣ አጣጥፈው በፌስታላቸው ከጨመሩት በኋላ «ሰኞ እመጣለሁ» ብለው ወጡ።