መስከረም 15 ስንት ነው?

ጎረቤታችን እትዬ «እናንተ የተማራችሁ ልጆች» ሲሉን ደስ ይለናል። እኛ ማለት ጋዜጠኝነት ተመርቀን አንድ ክፍል የተከራየን፣ አንድ ላፕቶፕ የምንጋራ ሁለት ሴቶች ነን። በሰፈራችን የጋዜጠኛ ሥራ ፎርም መሙላትንም ይጨምራል።

በ2016 መስከረም የባለቤታቸው ሙት ዓመት በ15 ሊውል ነው። ዱባይ ላለው ልጃቸው ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እንድንጽፍላቸው ጠየቁን። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው፣ 14 ስንጨምርበት 25። ጻፍን፣ ላክን። ልጅየው በስንት ልመና ያገኛትን የአንድ ቀን ፈቃድ ሰኞ ወስዶ ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። ሙት ዓመቱ ግን ማክሰኞ ነበር። የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። የበዓሉን ዶሮ በልተን ሳንጨርስ ረሳነው! እትዬ አልተቆጡንም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ቀን የሚቀይር አገልግሎት ራሳችን እንሥራ ያልነው ያኔ ነው። ስልክ ላይ መቀየሪያ ሞልቷል ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኛ ግን የፈለግነው ቅጣት ነበር።

ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረው የአንዳችን ወንድም «በጃቫ ሥሩት፣ ከተርሚናል ጀምሩ» አለን። ተርሚናል ያ ጥቁር መስኮት ነው። (ጃቫ ስሙን ያገኘው ከቡና ነው፣ ምልክቱም የሚጤስ ስኒ ነው። በ1995 ሲወጣ ከካፋ ሰው የጠየቀ አልነበረም።) ጃቫንና ሜቨንን ጭነን «ኤምቪኤን አርኪታይፕ ጄኔሬት» ብለን ጻፍን። ሜቨን ከሺህ በላይ የፕሮጀክት ንድፎች ደርድሮ የቱን ትፈልጋላችሁ አለን። ወንድምየው በስልክ እየሳቀ ጀርሲ የሚባለውን በስሙ እንድንጠራ ነገረን። ከዚያ ጥያቄ ብቻ ነው፦ የቡድኑ መለያ ምንድን ነው? የፕሮጀክቱ ስምስ? ቨርዥኑስ? የቡድኑ መለያ የድረ ገጽ አድራሻን ከኋላ ወደ ፊት አድርጎ መጻፍ ነው። አድራሻ የሌለን ሰዎች እዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን።

ቀጥሎ ማውረድ ጀመረ። ሜቨን መጀመሪያ ሲነሳ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከኢንተርኔት ይለቅማል፤ መስመር በመስመር፣ ፋይል በፋይል፣ በእኛ የሞባይል ፓኬጅ! መሃል ላይ መብራት ሄደ። እንደ አዲስ ሊጀምር ነው ብለን አዘንን። ሲመለስ ግን የወረደውን «ኤም 2» በሚባለው ድብቅ ፎልደር ውስጥ አስቀምጦት ስለነበር የጎደለውን ብቻ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራልናል።

አስነሳነው። በሌላ መስኮት ፖርት 8080ን በከርል ስንጠይቅ «ጋት ኢት!» ብሎ መለሰ። ንድፉ ይዞት የመጣው ቃል ነው፣ እኛ አልጻፍነውም። ቢሆንም ጮኸን።

የተናደድነው ቀጥሎ ነው። በ2014 ከጃቫ 8 ጋር የመጣው የቀን መሣሪያ የጃፓን፣ የታይላንድ፣ የታይዋንና የሂጅራ አቆጣጠር አለው። የእኛ የለም። ደግነቱ «ስሪ ቴን ኤክስትራ» የሚባል ነፃ ተጨማሪ አለ፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። ፖም በሚባለው ፋይል ውስጥ ጥቂት መስመር ጽፈን ጨመርነው። የወራቱንም ስም በአማርኛ አስገባን። ተርሚናሉ ላይ «መስከረም» ቁልጭ ብሎ ታየ፣ ብሮውዘሩ ላይ ግን የማይነበብ ቅራቅንቦ ሆነ። መልሱ በየትኛው የፊደል አጻጻፍ እንደተላከ አልነገርነውም ነበር። ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ስንጽፍለት ተስተካከለ።

የመጀመሪያው ጥያቄያችን መስከረም 15 ቀን 2016 ነበር። 2023፣ 09፣ 26 አለን። ማክሰኞ። ዝም ብለን ተያየን።

ከዚያ መስከረም 15ን እስከ 2024 ድረስ ዓመት በዓመት ጠየቅነው። ሁለቱ ዓመታት፣ 2020 እና 2024፣ 26 ላይ ይውላሉ። እነሱን በቀይ እስክሪብቶ አስምረን ወረቀቱን ለእትዬ ወሰድንላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «ለልጁ እናንተው ላኩለት» አሉን።