ልጅን በቤት ማስተማር ወይስ ወደ ትምህርት ቤት መላክ?

በየዓመቱ መስከረም ጠብቶ የትምህርት ቤት ደጅ ሲከፈት፥ ወላጅ የሆነ ሁሉ ከአዲሱ ደብተር ጋራ አዲስ ተስፋም ይይዛል። ልጄ ዘንድሮ ይጐብዝልኛል፥ አስተማሪውም ያውቅልኛል ይላል። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ሲደርስ ግን ያ ተስፋ በብዙዎቻችን ቤት ወደ ቅሬታ ይለወጣል፤ ቅሬታውም ውሎ አድሮ ጥያቄ ይሆናል። ጥያቄውም፦ ልጃችንን ከትምህርት ቤት አስወጥተን በቤታችን ብናስተምር አይሻልምን? የሚል ነው። ይህ ነገር በእኛም ቤት ካለፈው ዓመት ጀምሮ የማዕድ ላይ ጨዋታ ሆኖ ስለ ቈየ፥ በተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ያለ ሌላ ቤት ቢኖር ይረዳው እንደ ሆነ ብለን፥ የደረስንበትን ለአንባብያን ለመግለጥ ወደድን።

እኛ በአዲስ አበባ የምንኖር፥ ሁለታችንም በደመወዝ የምንተዳደር ባልና ሚስት ነን። እግዚአብሔር ሁለት ልጆች ሰጥቶናል። ታላቁ ወንድ ልጅ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ የጥያቄው ምክንያት የሆነችው ታናሺቱ፥ ዐሥር ዓመት የሞላት ሴት ልጃችን፥ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፏን ሳትጠግብ ሰርቪስ መኪና ላይ ትሳፈራለች። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ጀርባዋን ያጐበጣትን ቦርሳ ተሸክማ ትመለሳለች። ከዚያም እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ የቤት ሥራ ስትሠራ ትቈያለች። እንግዲህ ከእኛ ጋራ የምትውልበት ሰዓት የት አለ?

ቅሬታችን ከክፍያው ይጀምራል ቢባል ሐሰት አይደለም፤ በየዓመቱ ስለ ጭማሪ ስብሰባ እንጠራለንና። ነገር ግን ገንዘቡን የሚያስቈጭ ያደረገው ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ልጃችን ዕፀዋት ምግባቸውን እንዴት እንደሚሠሩ የሚናገረውን የሳይንስ ትምህርት በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሳትስት አነበነበችልን። ደስ አለን። ወዲያውም በሳሎናችን ጥግ ብርሃን ከማይደርስበት ስፍራ ተቀምጦ ቅጠሉ የገረጣውን የጤና አዳም ተክል አሳይተን፥ ይህ ለምን እንዲህ ሆነ? ብለን በአማርኛ ብንጠይቃት፥ «ውሃ አልጠጣ ይሆናል» ብላ ዝም አለች። ያነበነበው አፏ እንጂ ልቧ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ታወቀን።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ አሳዘነን። በደብረ ብርሃን የሚኖሩት አያቷ እህል በላኩልን ቍጥር ከጆንያው ጋራ በእጃቸው የጻፉት ብጣሽ ወረቀት አይታጣም። እኒህ እናት በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፥ ጐልማሳ ከሆኑ በኋላ ፊደል የቈጠሩ ናቸው። ጽሕፈታቸው ጐላ ጐላ ያለ፥ ቃላቸውም አጭር ነው። የልጅ ልጃቸው ግን ያን ወረቀት ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች ሦስት ቃል ካነበበች በኋላ፥ የቀረውን እኛ እንድናነብላት መለሰችልን። በከተማችን ብዙዎች የግል ትምህርት ቤቶች ትምህርቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጡ፥ አማርኛ እንደ አንድ ተጨማሪ ትምህርት ሆኖ ቀርቷል። እንግሊዝኛውም ቢሆን ገና የሚነበነብ እንጂ የሚታሰብበት አልሆነላትም። እንዲህ ሆኖ ልጅቱ በሁለት ቋንቋ መካከል ያለ ቤት እንዳትቀር ፈራን።

ፍርሃታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወስደው በተፈተኑ ጊዜ፥ ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በሚከተለው ዓመት 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ሆነ። እነዚያ የወደቁት ልጆች ሁሉ ዐሥራ ሁለት ዓመት ደብተር ይዘው የተመላለሱ፥ ከክፍል ወደ ክፍልም እየተዛወሩ የመጡ ናቸው። ታዲያ ሳያውቁ እንዳልቀሩ፥ በየዓመቱም አውቀዋል ተብለው እንደ ተዛወሩ ስናስብ፥ በልጃችን ካርድ ላይ የተጻፈውን ቍጥር እንዴት ያለ ጥርጥር እንመነው?

በዚህ ጊዜ በአሜሪካ አገር የምትኖር ዘመዳችን ልጆቿን በቤቷ እንደምታስተምር በስልክ አጫወተችን። በዚያ አገር በ50ውም ግዛቶች ሕጉ ይህን ይፈቅዳል፤ መጻሕፍቱም፥ የትምህርቱም ሥርዓት ለወላጆች ተዘጋጅቶ ይሸጣል። በሌላው ወገን በጀርመን አገር ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገባ ሕግ ያስገድዳል፥ በቤት ማስተማርም በጥቂት ልዩ ምክንያት ካልሆነ በቀር አይፈቀድም። ሁለቱም የሠለጠኑ አገሮች ሲሆኑ ፍርዳቸው መለያየቱ፥ ነገሩ ለእያንዳንዱ ቤት ማሰቢያ እንጂ ከውጭ ተቀድቶ የሚወሰድ እንዳልሆነ አስተማረን። በእኛ ከተማ ደግሞ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው ተማሪው በተመዘገበበት ትምህርት ቤት በኩል ስለ ሆነ፥ ልጁን ያስወጣ ወላጅ ነገ በየትኛው በር እንደሚመልሰው አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

ከዚህም በላይ በቤት የማስተማርን ነገር ከወሬ ሳይሆን ከኑሮ አናውቀውምን? በመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ በታዘዘ ጊዜ፥ የአገራችን ወላጅ ሁሉ ሳያስበው አስተማሪ ሆኗል። ያን ጊዜ ታላቁ ልጃችን የ2ኛ ክፍል ተማሪ ነበረ። ትምህርት ቤቱ በቴሌግራም የሚልከውን ወረቀት እያተምን፥ ከቁርስ በኋላ እስከ ምሳ ድረስ በተራ እናስተምረው ነበር። በመጀመሪያው ወር ያገኘነው ፍሬ የሚያስደንቅ ነው፤ ልጁ በዓመት ያላገኘውን የንባብ ፍጥነት በአምስት ሳምንት አገኘ። ከሰኔ በኋላ ግን ሌላ ነገር ታየ። የተማረውን የሚያነጻጽርበት ጓደኛ አጣ። አንድ ሒሳብ ሲስት ከእናቱ ወይም ከአባቱ ጋራ የተጣላ እየመሰለው ያለቅስ ጀመር። አስተማሪ ቢቈጣው ማታ ወደ እናቱ ይሸሻል፤ እናቱ አስተማሪው ከሆነች ግን ወዴት ይሸሽ? በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ መከፈት ሲጀምሩ፥ ልጁ ተራው እስኪደርስ ቀን ይቈጥር ነበር።

እንግዲህ አንዱ ወር ቤትን ሲያስመሰግን፥ ሌሎቹ ወራት ትምህርት ቤትን አስመሰገኑ። ይህን ሁሉ ይዘን፥ በሰፈራችን ደብር ለሕፃናት ፊደልና ንባብ ወደሚያስተምሩ አንድ የኔታ ዘንድ ሄድን። ነገራችንን በሙሉ ከሰሙ በኋላ፥ ስለ ትምህርት ቤቱም ስለ ቤቱም ምንም ሳይናገሩ፥ «ልጆቼ፥ ልጅቱ ስታነብ የሚሰማት ማን ነው?» ብለው ጠየቁን።

መልስ አልነበረንም። የኔታም አላስጨነቁንም፤ ተቀምጠን እንድናይ ብቻ ጋበዙን። በዚያ ግቢ ከሃያ የማያንሱ ሕፃናት በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ፤ ለማያውቅ ሰው ሁከት ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ የየራሱን ትምህርት ይዟል። አንዱ ፊደል ይቈጥራል፤ ሌላው መልእክተ ዮሐንስን በግዕዝ ንባብ ይላል፤ ሌላው ወደ ውርድ ንባብ ተሻግሯል፤ ከፍ ያለው ደግሞ ዳዊት ይደግማል። ትልቁ ታናሹን ያስቀጽላል። ከዚያም እያንዳንዱ በተራው የኔታ ፊት ቀርቦ ብቻውን ያነባል፤ የኔታም ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ከሳተ ይመልሱታል። ያላወቀ ነገም በዚያው ላይ ይውላል፤ ያወቀ ግን መስከረምን ሳይጠብቅ ዛሬውን ያልፋል። በዘመን ቍጥር የሚዛወር የለም።

ከዚያ ስንመለስ አንድ ቀላል ሒሳብ ሠራን። በልጃችን ክፍል 52 ተማሪዎች አሉ፤ አንዱ የትምህርት ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። አስተማሪዋ ሌላ ሥራ ሁሉ ትታ ልጆቹን በየተራ ስታዳምጥ ብትውል እንኳ፥ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 46 ሴኮንድ ያህል ነው። እንግዲህ አስተማሪዋን ሰነፍ ብሎ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው። ልጃችን የጐደላት የትምህርት ብዛት አይደለም፤ ከሚገባው በላይ ተጭኖባታል። የጐደላት የሚያዳምጣት ጆሮ ነው። ይህን ደግሞ ለማግኘት ከትምህርት ቤት ማስወጣት ግድ አይሆንም።

የቀደሙት አባቶቻችንም ቤትንና ትምህርት ቤትን አላጣሉም። የሊቅ ልጅ ፊደሉን ከአባቱ እግር ሥር ቢቈጥርም፥ ለዜማውና ለቅኔው አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላ ደብር ይሄድ ነበር። ታላቁ ባስልዮስም መጀመሪያ ከአባቱ ተምሮ፥ ኋላ ለትምህርት ወደ ቂሳርያ፥ ወደ ቍስጥንጥንያና ወደ አቴና ሄዷል። አባት ምንም ቢያውቅ ለልጁ ሊሰጠው የማይችለው ነገር አለ፤ ይኸውም አባቱ ያልሆነ ሰው የሚሰጠው ፍርድና ከእኩዮች ጋራ መፎካከር ነው። እንዲሁም አስተማሪ ምንም ቢተጋ ሊሰጥ የማይችለው ነገር አለ፤ እርሱም ለአንድ ልጅ ብቻ የተለየ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም መግቢያ እንዲህ ብለን ቈረጥን። ልጅቱ በትምህርት ቤቷ ትቈይ፤ ማዳመጡን ግን እኛ እንውሰድ። በየምሽቱ ከራት በፊት ግማሽ ሰዓት ቴሌቪዥኑም ስልኩም ይዘጋል። ከሁለታችን አንዳችን እንቀመጣለን፤ እርስዋ አንድ ገጽ አማርኛ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ ከዚያም ያነበበችውን በራስዋ ቃል ትነግረናለች። በእንግሊዝኛ የተማረችውንም አንድ ነገር በአማርኛ ታስረዳናለች። እኛ አናስተምርም፤ እንሰማለን፥ ያልገባንንም እንጠይቃለን። ለዚህ የሚሆን ሰዓት ለማግኘት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደን፥ የቤት ሥራው እንዲቀንስ ከሌሎች አምስት ወላጆች ጋራ ሆነን በትሕትና ጠየቅን። ሙሉ በሙሉ ባይሰሙንም፥ በሳምንት ሁለት ቀን ያለ ቤት ሥራ እንዲያልፍ ፈቀዱልን።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ደክመን የምንገባባቸው፥ ግማሹ ሰዓት ሩብ የሚሆንባቸው ምሽቶች አሉ። ብዙ ወላጆች ለዚህ አስጠኚ ይቀጥራሉ፤ አቅም ያለው ቢቀጥር አንነቅፍም። ነገር ግን አስጠኚው የቤት ሥራውን አብሮ ሠርቶ የሚሄድ ከሆነ፥ ለልጁ ሁለተኛ ክፍል ተከፈተለት እንጂ አዳማጭ አልተገኘለትም። ማዳመጥ ደግሞ ብዙ መማርን አይጠይቅም፤ ፊደል ያልቈጠረች እናት እንኳ ልጅዋ ያነበበላትን «ምን ማለት ነው?» ብላ ልትጠይቅ ትችላለች። ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደ ተባለ፥ ጊዜው ልጁ ለማንበብ ሳያፍር ነው።

በነሐሴ ወር አያቷ ሽሮ በላኩልን ጊዜ ወረቀቱን የከፈተችው ልጃችን ናት። እስከ መጨረሻው አነበበችው። በውስጡ የነበረው ሽሮው በደንብ እንዲነፋና እቃው እንዲመለስ የሚል ብቻ ነው። እርስዋ ግን መልሱን እኔ እጽፋለሁ ብላ፥ ስምንት መስመር ጽፋ በባዶው ጆንያ ውስጥ ላከች። ጥቂት የፊደል ስሕተት ነበረበት፤ እኛም አያቷ እንዲያርሙት ብለን ተውነው።

ጥያቄው ፈጽሞ ተዘግቷል አንልም። ክፍያው ከአቅማችን ቢያልፍ፥ ወይም ትምህርት ቤቱ ልጅቱን እያዳከማት ቢሄድ፥ ነገሩን እንደገና ልናነሣው እንችላለን። በቤት የሚያስተምሩትንም ወላጆች፥ ጊዜና ዕውቀት፥ ለልጆቻቸውም ጓደኛ ካገኙ፥ ሥራቸውን እናከብራለን። ነገር ግን፥ አንባብያን ሆይ፥ ልጁን ለማስወጣት የሚያስብ ሁሉ፥ አስቀድሞ የየኔታን ጥያቄ በቤቱ ይጠይቅ፤ ልጄ ሲያነብ የሚሰማው ማን ነው? መልሱ «ማንም» ከሆነ፥ ልጁ በትምህርት ቤት ቢቈይም በቤት ቢውልም ያው ነው። መልሱ «እኔ» ከሆነ ግን፥ ትምህርቱ ዛሬ ማታ ከራት በፊት ይጀመራል። ለማዳመጥ የሚበቃ ትዕግሥትና ጊዜ እግዚአብሔር ለሁላችን ይስጠን።