ለማስለቀቂያ የሚሆን መጠባበቂያ፦ የስዋፕ ፋይልን በኔትወርክ ላይ ስለማስቀመጥ

ጥናቴን በማካሂድበት ቤተ ሙከራ ያሉት ኮምፒውተሮች የራሳቸው ዲስክ የላቸውም። ሥርዓታቸውንም ሆነ ፋይሎቻቸውን ከአንድ ሰርቨር በኤን.ኤፍ.ኤስ. አማካይነት ያገኛሉ። አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ ሰን ማይክሮሲስተምስ ኤን.ኤፍ.ኤስ.ን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲያወጣ ዲስክ አልባ ኮምፒውተሮች ከዋነኞቹ ተጠቃሚዎች መካከል ነበሩ። ችግሩ የሚመጣው ለቀናት የሚዘልቅ ስሌት ከራም አቅም በላይ ሲጠይቅ ነው። የስዋፕ ቦታ ከሌለ ከርነሉ አንዱን ፕሮግራም ይገድላል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚገደለው ብዙ ቦታ የያዘው፣ ማለትም የተማሪው ስሌት ነው። ታዲያ የስዋፕ ፋይሉን በሰርቨሩ ላይ ብናስቀምጠውስ?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በውስጡ አደገኛ ዙሪት አለ። ከርነሉ 4096 ባይት የሆነችውን አንዲት ገጽ ለማስለቀቅ ወደ ሰርቨሩ መላክ አለበት። ለመላክ ግን ፓኬት ማዘጋጀት፣ የሰርቨሩንም ማረጋገጫ መቀበል ያስፈልገዋል፤ ሁለቱም ራም ይጠይቃሉ፤ ያለቀውም ራሱ ራሙ ነው። በተለይ መቀበሉ ይከብዳል፤ ፓኬት የማን እንደሆነ የሚታወቀው ራም ውስጥ ገብቶ ከተነበበ በኋላ ብቻ ነውና። የሚጠበቀው ማረጋገጫ ከመድረሱ በፊት ለሌላ ሥራ የመጡ ፓኬቶች የቀረውን ቦታ ሊሞሉት ይችላሉ።

ይህን ችግር ለመፍታት ፒተር ዚልስትራ የጀመረውና ሜል ጎርማን ከፍጻሜ ያደረሰው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 በሊኑክስ 3.6 ውስጥ ተካተተ። ሐሳቡ የዘር እህሉን በክፉ ቀን እንኳ ከማይነካ ገበሬ ጥንቃቄ ጋር ይመሳሰላል። ከርነሉ ከራም ጥቂቱን በመጠባበቂያነት ይይዛል፤ የስዋፕ ገጾች የሚመላለሱበትን ሶኬት ለይቶ ምልክት ያደርግበታል። ራም ሲያልቅ ገቢ ፓኬቶች ሁሉ በመጠባበቂያው ላይ ያርፋሉ፤ ምልክት ላለው ሶኬት ያልመጣ ፓኬት ግን ወዲያው ይጣላል። በቲ.ሲ.ፒ. የመጣ ከሆነ ላኪው ማረጋገጫ ስላላገኘ መልሶ ይልከዋል፤ ስለዚህ መዘግየት እንጂ የመረጃ ጥፋት አይደርስም። የሥርዓቱ ደኅንነት የቆመው በመቀበል ብቻ ሳይሆን በመጣልም ጭምር ነው።

ሆኖም ይህ ጥበቃ የሚሠራው ከርነሉ ገጾቹ በኔትወርክ እንደሚሄዱ ሲያውቅ ብቻ ነው። በኤን.ኤፍ.ኤስ. ላይ ስዋፕን እንዲደግፍ ሆኖ ያልተዘጋጀ ከርነል ፋይሉን ለስዋፕ አልቀበልም ይላል። ብዙዎች ይህን እንቢታ የሚያልፉት ፋይሉን ዲስክ በሚያስመስል የሉፕ መሣሪያ በኩል በማዞር ነው። ያኔ ከርነሉ በአካባቢው ዲስክ ላይ የሚጽፍ ይመስለዋል፤ ሶኬቱ ምልክት አይደረግበትም፤ ዙሪቱም እንዳለ ይቀራል። ለሙከራ በለየሁት ማሽን ላይ ይህን መንገድ ሆን ብዬ ፈተንሁት። ቀላል ጫና ሲሆን ያለ እንከን ሠራ፤ ጫናው ሲበረታ ግን ማሽኑ ስሕተት እንኳ ሳይናገር ዝም አለ። መዝገቡም ምንም አልያዘም፤ የሚጻፈው በዚያው ኔትወርክ ነበርና።

ትክክለኛው ዘዴም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። ሰርቨሩ ከቆመ ገጾቻቸው እዚያ ያሉ ፕሮግራሞች እስኪመለስ ይጠብቃሉ። በኔትወርክ ተመላልሶ የሚመጣ ገጽ ራም ውስጥ ካለው ከሺህ እጥፍ በላይ ሊዘገይ ይችላል። ኔትወርኩ ካልተመሰጠረም በገጾቹ ውስጥ ያሉ የይለፍ ቃላት በመንገድ ላይ ሊነበቡ ይችላሉ።

ስለዚህ ለቤተ ሙከራችን ያቀረብሁት ሐሳብ የሚከተለው ነው። በቅድሚያ ገጾችን ራም ውስጥ ጨምቆ የሚይዘው ዜድራም ይሞከር። ይህ ካልበቃ ድጋፉ ያለው ከርነል፣ ለብቻው የተለየ ኔትወርክ፣ በደንበኞቹ ላይ የማይደገፍ ሰርቨር ይዘጋጅ። ከርነሉ እንቢ ካለ ደግሞ ምክንያቱ ይመርመር እንጂ በሉፕ አይታለፍ። የሳምንታት ስሌት በአንድ ሌሊት ያለ ምልክት ከሚጠፋ፣ ገና ሳይጀመር ቢከለከል ይሻላል።