ፀሐይ በማትጠልቅበት ከተማ ማስተማር

በሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ከተማ የሚያስተምር አንድ ኢትዮጵያዊ ሰሞኑን ከተማሪው እናት የሰማው መልስ አልዋጥለት ብሏል። ልጁ ጠዋት ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲጫወት መምህሩ በዓይኑ አይቶታል። ይህንን ሲነግራት እናትየው ምንም አልደነገጠችም፤ በብርዱ ወራት ፀሐይ ያላየ ልጅ፣ አሁን ስትወጣለት እንዴት ግባ ይባላል አለችው።

እኛ አገር ልጅን ቤት የሚያስገባው ጨለማው ነው። በአዲስ አበባ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ለዓይን ያዝ ማድረግ የሚጀምረው መቼም ቢሆን ከ12 ሰዓት ብዙም ሳይርቅ ነው። ከዚያ በኋላ ደጅ የቆየ ልጅ ሲገባ የሚጠብቀውን ያውቃል።

ትሮምሶ ከአርክቲክ ክበብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ትርቃለች። መሬት ዘመም ብላ ስለምትዞር ከግንቦት 12 ገደማ እስከ ሐምሌ 15 ገደማ ፀሐይ ጨርሶ አትጠልቅም። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ደግሞ በሰኔ አጋማሽ ነው። እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን ሰውነት የሚያመነጨው ሲጨልም ስለሆነ፣ ወላጅ በወፍራም መጋረጃ ሌሊት ካልፈጠረ ልጁ በራሱ አይተኛም። መምህሩን የሚያበሳጨውም ይኸው ነው፤ መጋረጃው አለ፣ የሚዘጋው ግን የለም።

ከከተማዋ ብዙ የማትርቀው የሶመሮይ ደሴት ነዋሪዎች በበጋ ሰዓት ይቅርልን ብለዋል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አውርቶላቸው ነበር። በኋላ ነገሩ የቱሪዝም ማስተዋወቂያ ዘመቻ ሆኖ ተገኘ። ቢሆንም ብዙ ሰው ያመነው ያለምክንያት አይደለም፤ እዚያ ሰዎች እኩለ ሌሊት ላይ አጥር ሲቀቡና ሣር ሲያጭዱ ይታያሉ።

የእናትየው መልስም መሠረት አለው። ከኅዳር 18 ገደማ እስከ ጥር 7 ገደማ ፀሐይ ከአድማስ በላይ ብቅ አትልም። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚገቡት በጨለማ ነው፤ የሚወጡትም በጨለማ። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የማይጎድልበት አገር ልጅ ይህን ረሃብ አያውቀውም።

በሌላ በኩል መምህሩ ያደገው ገጠር ነው። ቀን ከብት ሲጠብቅ ውሎ ማታ በኩራዝ ነበር የሚያጠናው፤ ጭሱ ዓይኑን እያቃጠለው፣ ጋዙ እንዳያልቅ እየተሳቀቀ። የአገር ቤት ጨለማ ሥርዓት ብቻ አልነበረም፤ ከስንቱ ተማሪ እጅ ደብተር አስጥሏል። የትሮምሶ ልጆች ያን ሁሉ ብርሃን በኳስ ሲጨርሱት ማየት ያንገበግበዋል፤ ቢሆንም ሲስቁ ሲሰማቸው ልቡ ይራራል።

አሁንም የአገር ቤት ልጅ የተሻለ ይተኛል ባይ ነው። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ የመጋረጃውን ጉዳይ ሊያነሳ ተዘጋጅቷል። እስከዚያው ግን ሒሳብን ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ወደ ሦስተኛው አዛውሮ፣ ጠዋት ልጆቹን ደጅ አውጥቶ ስለ ዕፅዋት እያስተማረ ነው።