ከደጃፉ በፊት ያለው መንገድ

እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ አምበር አጠገብ፣ ወደ ከተማይቱ የሚያቀኑ ወጣቶች ይታያሉ። በጀርባቸው ያዘሉት የሳምንት ስንቅ ነው፤ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ሽሮና በርበሬ። ከየገጠር ቀበሌው የሚመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ሦስትም አራትም ሆነው ያድራሉ፤ በተራ ውኃ ይቀዳሉ፣ በተራ ወጥ ይሠራሉ። ዓርብ ሲደርስ ስንቁ ያልቃል፤ እንደገና ወደየቤታቸው።

ጎጃም ይህን ሥዕል ከጥንት ያውቀዋል። ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ የሚሄደው የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ በየደጁ ሲለምን፣ ራሱ ያልጠገበው ገበሬ ከመሶቡ ቆርሶ ይሰጠው ነበር። ሰጪው ውል አላስፈረመም። ተማሪው በተራው መምህር ሆኖ ወንበር ሲዘረጋ ብድሩ እንደ ተመለሰ ይቆጠር ነበር። ለድኃ ተማሪ የሚደረግ የመንግሥት ድጎማ በመሠረቱ ከዚህ የሕዝብ እንጀራ የተለየ አይደለም።

በ1943 ዓ.ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ መኝታውም በመንግሥት ወጪ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየላከ፣ በተለይም በመምህርነት ያሠማራው ነበር። ከ1996 ዓ.ም ወዲህ የወጪ መጋራት ሥርዓት ተተክቷል። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ሥራ ሲይዝ ከገቢው እየከፈለ ሊመልስ ውል ይገባል። በመምህርነት የሚሠማራው ዕዳውን በአገልግሎት እንዲመልስ ተፈቅዶለታል።

የሥርዓቱ በጎነት የሚካድ አይደለም። በዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ላይ ጥሬ ገንዘብ ቢጠየቅ ኖሮ የአምበር ገበሬ የእርሻ በሬውን ከመሸጥ በቀር ምን አማራጭ ነበረው? በሬ መሸጥ ደግሞ የመጪውን ዓመት አዝመራ መሸጥ ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም ማስተማር ሲጀምር፣ ለዚህ አካባቢ ልጅ ገበታው ይበልጥ ቀረበ።

ይሁን እንጂ ጉድለቱም ጉልህ ነው። ለአንድ ተማሪ የዕለት ምግብ የተመደበው ገንዘብ 22 ብር ሆኖ ቆይቶ 100 ብር የገባው በ2017 ዓ.ም ነው። ሳሙናውና ደብተሩ፣ የመኪና መሳፈሪያውም ቢሆን፣ ዛሬም የሚጠበቀው እናት ከምትሸጠው ዕንቁላል ነው። የባለጸጋው ልጅና የድኃው ልጅ ባንድ ውል ይፈርማሉ፣ ባንድ ገበታ ይቀርባሉ፤ እኩልነት የሚመስለው ነገር ከሌለው ልጅ ላይ ድርሻውን ያሳንሳል። ተመርቆ ሥራ ያጣውም ወጣት ዕዳው እስኪጠራ ድረስ ዋናውን የዲግሪ ማስረጃ በእጁ አያስገባም።

ከሁሉ የከፋው ግን ድጎማው ዘግይቶ መድረሱ ነው። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ድጎማው በሩ ላይ ቆሞ የሚያልፉትን ይጠብቃል፤ ድኃው የሚወድቀው ግን መንገድ ላይ ነው። የኪራዩ ወር ሲሞላ፣ ስንቁ ሲሳሳ፣ ያለ መብራት ሲመሽ፣ ማንም አይጠይቀውም። እናቷ በአጨዳ ሰሞን የታመመችባት ልጅ ከክፍሏ ወጥታ ወደ ቤት ስትመለስ፣ በዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀላት እንጀራ ምን ይፈይድላታል? «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ ክርክሩ ድጎማው ይቅር ወይስ ይቀጥል በሚል መወሰን የለበትም። መክፈል የሚችል ይክፈል፤ ከእርሱ የሚተርፈው ወደ ታች፣ ወደ ሁለተኛ ደረጃው ተማሪ የኪራይ ክፍል ይውረድ። የጥቂት ወራት ኪራይና የአንድ ቁና እህል ነገር ሆኖ ሳለ ስንት መምህር፣ ስንት ሐኪም፣ ስንት ባለቅኔ በመንገድ ቀርቷል!

ያ ያልጠገበ ገበሬ ለቆሎ ተማሪው ሲቆርስ፣ ሊቅ እስኪሆን አልጠበቀም። የሰጠው በራበው ዕለት ነው። በሚቀጥለው እሑድም በአምበር መንገድ ላይ እነዚያ ወጣቶች ስንቃቸውን አዝለው ይታያሉ፤ ምናልባትም ከመካከላቸው አንዷ ቀርታ።